ቆሎ በመሳቢያ

መሥሪያ ቤቴ ያለው ከጣርማበር በታች፤
ጉም ሳያንኳኳ የሚገባባት ጠባብ ክፍል ነች።
አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ማህተም፣ እግሩ የላላ ወንበር፣
ቀይ እስክሪብቶ በክር የታሰረ በፊርማው መዝገብ ዳር።

ሁለት ተኩል ሲል አቶ ልሳነወርቅ ቀይ መስመር ያሰምራል፤
ከመስመሩ በታች የፈረመ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌባ ይመስላል።
እሱ ግን አስምሮ ይወጣል፣ ስብሰባ ነው ብሎ፣
ማህተሙን በኮቱ የውስጥ ኪስ እንደ ክታብ አንጠልጥሎ።

ከአርማንያ በእግሩ የመጣ ገበሬ፣ ለውኃ ፓምፑ ብሎን፣
አራት ጊዜ ወጣ፣ አራት ጊዜ ወረደ፣ ይዞ ያችኑ ወረቀቱን።

የጻፍኩትን ደብዳቤ ሰው ፊት ቀዶ ሲወረውር፣
«ማን ነው እዚህ የቀጠረሽ!» ብሎ ደም ሥሩ ሲገተር፣
መሳቢያዬን ሳብ አድርጌ፣ አንድ ቁንጥር፣
ገብስና ሽምብራ፣ ሱፍ ጣል ጣል ያለበት፣
ከመናኸሪያው በር ከእቴነሽ በስኒ የሸመትኩት፣
አፌ ውስጥ እጨምራለሁ።
አፉ የሞላ ሰው አይመልስም፤
ዲፕሎማዬ ያላስተማረኝን በስድስት ዓመት ይህን አወቅሁ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉ የለ፣ ከጎኔ ያለው ዳምጠው ነው፤
በአንድ ጆሮው የሰማውን አለቃው ደጅ የሚያፈሰው።
አንድ ቀን ሰማሁት፣ «ዛሬ ጮክ ብላ ቆረጠመች» ሲል፤
ስለ ቆሎ ድምፅ ተቀጣሁ፣ የሦስት ቀን ደመወዝ ያህል።
ከዚያ ወዲህ በምራቄ አርሼ ሳላሰማ ማላመጥ ለመድኩ።
(ገብሱ ይለሰልሳል፤ ሽምብራው ግን ያጋልጣል።)

ጋሽ ክብረት፣ ጥበቃው፣ በደሴ መስመር ረዳት የነበረ፣
በሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ አግኝቶኝ፣ ያየ ሳይመስል እንዲህ ተናገረ፦
«ጉም ውስጥ የገባ ሾፌር ክላክስ አያበዛም፤
መብራቱን ያበራል፣ ጠርዙን ይዞ ያዘግማል፤
ገደሉን ግን አይሳደብም።»

ከዚያ ግምገማ መጣ። በሐምሌ፣ ብርዱ አጥንት ሲቆጥር፣
«እጅ አውጡ» ሲባል ቀድሞ የወጣው እጅ የዳምጠው ነበር።
እኔም አወጣሁ።
አፌ ባዶ ነበር ያን ቀን፤ ሆኖም አንድ ቃል አልወጣውም፤
እጄ ብቻ ወጣ፣ ከእጆች መሃል፣ የኔ ይሁን የማን አላውቅም።

አቶ ልሳነወርቅ ወረደ።
ማህተሙ ለእኔ ተሰጠኝ፣ «ለጊዜው» ተብሎ።

በመስከረም፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ መልቀቂያ ሊጠይቅ መጣ።
ኮቱ ያው ነው፣ የውስጥ ኪሱ ረግቧል።
አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ከአርማንያው ሰውዬ ጎን።
(አዎ፣ ብሎኑ ገና ነው።)

«እህቴ» አለኝ፤ ከእሱ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ።
ቀና አላልኩም።
አፌ ቆሎ አልያዘ፣ ጥርሴ ሥራ የለው፣
«ነገ ተመለሱ» አልኩ። ለሁለቱም።

ማን ነው የተናገረው?
ቃናው የእሱ፣ አቆራረጡ የእሱ፣
እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ ማንኳኳቱ ሳይቀር።
ስድስት ዓመት ሙሉ የዋጥኩት
ቆሎ ብቻ አልነበረም ለካ።

ዳምጠው ከጎኔ ሳቀ።
ዳምጠው ሁልጊዜ ከጎን ነው፣ ከማህተሙ ጎን።

ወረቀታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሁለቱ ተነሡ፤
አንዱ የሌላውን ዱላ አቀበለው።
ማህተሙ ደርቋል። ሁለት ጊዜ ተነፈስኩበት፣
በትንፋሼ አርሼ መታሁ፣ የገበሬውን ቀድሜ፤
የአለቃዬ ትንሽ ተጣመመ። ይጣመም።

ሮጥኩ። ከደጁ ወዲያ ጉም ብቻ።
«ባለ ብሎን!» ብዬ ተጣራሁ፤
ስሙ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ አንብቤው ግን አላውቅም።
ከመናኸሪያው በኩል አንድ ሳል ሰማሁ።
ወረቀቶቹን ከዝናቡ በሹራቤ ሸሽጌ፣
ወደ ሳሉ አዘገምኩ፣
ጠርዙን ይዤ።